ከቄጠማው እስከ ህዳር ጭስ

በእንቁጣጣሽ ማለዳ ሳሎን ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና ጠውልጎ ይጠረጋል። ጓሮ የሌለው ሰው በጆንያ ጠቅጥቆ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ያስረክበዋል። ጓሮ ያለው ግን ከወለሉ አፍሶ ይወጣና የጎመኑን ሥር ያለብስበታል። ለሁለቱም ሥራ ቃሉ አንድ ነው፤ ጉዝጓዝ። ቤት ውስጥ የበዓል ማድመቂያ፣ መደብ ላይ የአፈር ልብስ። ዝናቡ ሲሳሳ የሚመጣው የጓሮ ሥራ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ሳይታሰብ በመጥረጊያ ይጀመራል።

ወቅቱን ባሕረ ሐሳቡ መፀው ይለዋል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ነው። ከተሜው ፀደይ ሲለው ብዙ ይሰማል። የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት፣ እስከ ህዳር 5 ድረስ፣ ዘመነ ጽጌ ናቸው፤ ስማቸውን ያገኙት ከአበባ ነው። በነዚሁ ወራት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ አትክልተኛው ጓሮውን ይዘጋል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችንም ውርጩ ሳይቀድማቸው በሶብላቸውን ያጭዳሉ፣ ጤና አዳሙን ከነሸክላው ወደ ቤት ያስገባሉ። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በዓመቱ አጭር በሆነው ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን ታገኛለች። ፀሐይ አትከዳንም። የሚከዳን ዝናቡ ነው፤ በምትኩ የሌሊት ብርድ ይመጣል። ስለዚህ በደጋው ጓሮ መፀው የሥራ ወቅት ነው፤ ክረምቱ ትቶት የሄደው ውሃ፣ ቅጠልና ዘር ሳይባክን መያዝ አለበት።

ከውሃው እንጀምር። በሐምሌ ዋልካ አፈር ላይ አትክልት የተከለ ሰው መደቡን ከፍ አድርጎ ዙሪያውን ቦይ አውጥቶለት ነበር፤ ሥሩ በውሃ እንዳይታፈን። ያው ከፍታ በጥቅምት ጠላት ይሆናል። ከፍ ያለ መደብ ነፋስ በየጎኑ እየመታው ቶሎ ይደርቃል፤ ዋልካ ደግሞ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቶ ሥር ይበጥሳል። በዚህ ወቅት አዲስ የሚሠራ መደብ ዝቅ ይላል። ከመሀሉ የተዛቀው አፈር ዙሪያውን እንደ ሰፌድ ጠርዝ ይከበብበትና የሚጠጣው ውሃ ወደ ውጭ ሳይፈስ እዚያው ይሰርጋል። ነባሩ መደብ አትክልት ይዞ ከሆነ ቢያንስ ቦዩ ይደፈንለታል።

ለኩትኳቶ ቀን ይመረጣል። እፍኝ አፈር ሲጨበጥ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ገና ነው፤ ያኔ በዶማ የተነካ ዋልካ ደርቆ ጡብ ይሆናል። ተጨብጦ በአውራ ጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ሰዓቱ ደርሷል። ላይ ላዩን፣ ከሁለት ሦስት ጣት ሳያልፍ መኮትኮት ይበቃል፤ ቅርፊቱ ይሰበራል፣ ስንጥቁ ይሞላል፣ አረሙም ዘር ሳይጥል ይነቀላል። ጉዝጓዙ ወዲያው ይከተላል፤ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ። በደረቀ አፈር ላይ የተጎዘጎዘ ሣር የሚጠብቀው ድርቀቱን ነው። ውፍረቱ አራት ጣት ያህል ይሁን፣ ከግንዱ ግን ትንሽ ይራቅ፤ ቀንድ አውጣና ቆራጭ ትል የሚደበቁበት እርጥብ ጥላ ይወዳሉና። ዘር የያዘ ሣር ከሆነ ደግሞ ከጉዝጓዝነቱ ይልቅ አረም መዝራቱ ያይላል።

መደቡ ሲሰናዳ የሚዘራው ብዙ ነው። ካሮት መዛወር ስለማይወድ በቀጥታ በመስመር ይዘራል፤ በቅሎ ቅጠል ሲያወጣ በመካከሉ ሁለት ሁለት ጣት እየተተወ ይሳሳል። ማሳሳት ላይ እጁ የሚያዝንለት ሰው ኋላ የሚያወጣው የተጣመመ ቀጭን ሥር ነው። ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን በችግኝ ይዛወራሉ፤ የሚዛወሩትም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፣ ሌሊቱን ሥራቸውን እንዲያረጋጉ። ለነጭ ሽንኩርት ትልልቆቹ ፍንካቾች ተመርጠው፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እየተራራቁ ይተከላሉ። የሚደርሰው ከአራት እስከ አምስት ወር ውስጥ ነው። ድንችና ቲማቲም የነበሩበት መደብ ላይ ግን ቃሪያ አይከተልም፤ ሦስቱም ዘመዳሞች ስለሆኑ የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተርፋል። እዚያ ላይ ጎመን ወይም ሽንኩርት ይሻላል። የክረምቱ እርጥበት ቅጠሉን ያጠቆረበት የድንችና የቲማቲም አገዳም ከመደቡ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ቀን አለው።

ቅመማ ቅመሙ አይቆይም። በሶብላ ብርድ አይችልም፤ አንድ የውርጭ ሌሊት ያጠቁረዋል። ስለዚህ አበባው አገዳው ላይ ደረቅ ደረቅ ማለት ሲጀምር፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይታጨድና ጥላ ሥር ይሰጣል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ በሶብላ ሽታውን ለአየሩ ሰጥቶ ነው የሚገባው፤ ለበርበሬና ለሽሮ የሚፈለገው ደግሞ ያ ሽታ ነው። ጤና አዳም ፍሬው ለድልህና ለበርበሬ፣ ቅጠሉ ለቡና ይለቀማል። ኮሰረትና የጥብስ ቅጠል ጠንካሮች ናቸው፤ የረዘመው ተቆርጦ ይደርቃል፣ ግንዱ እንደገና ያቆጠቁጣል።

አበባው ጋ ሲደረስ ሥራው በመቀስ ነው። አደይ አበባ ማንም ሳይዘራው መጥቶ፣ መስከረምን አድምቆ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ይሄዳል፤ ዘሩ ወድቆ ለከርሞ እንዲበቅል ደርቆ እስኪረግፍ መተው ብቻ ነው። ጽጌረዳ ግን እጅ ትፈልጋለች። የደረቀው፣ የታመመውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ቅርንጫፍ ይገረዛል፤ ቁርጡ ወደ ውጭ ከሚያይ እንቡጥ ከፍ ብሎ፣ ዘንበል ተደርጎ ይቆረጣል፤ አዲሱ ቅርንጫፍ ወደ ውጭ እንዲያድግና መሀሉ አየር እንዲያገኝ። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ቅጠሏ ከመሬት ተለቅሞ ከድንቹ አገዳ ጋር ይቀመጥ። ለጋ ጫፏ ላይ ክሽክሽ ከታየ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ይረጫል፤ በማታ ቢሆን ቅጠሉን ፀሐይ አያቃጥለውም። የጅራንየም ቁራጭም አሁን ቢሰካ በቀላሉ ሥር ይይዛል።

ብርዱ ሲመጣ ሰው ለራሱ መድኃኒቱን ያውቃል፤ በጥቅምት አንድ አጥንት። ጓሮው ሌላ ይፈልጋል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚሸፍንላት ደመና የለም። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ውርጭ ወንዝ ዳርና ጎድጓዳ ቦታ ያለውን ጓሮ መትቶ ከፍ ያለውን የሚምረው። እንደ ደብረ ብርሃን ያለ ከፍተኛ ደጋ ላይ ደግሞ የሚምረው ጥቂቱን ነው። ውሃ በጠዋት ይጠጣ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ከደረቅ አፈር አብልጦ ይዞ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይለቃል። ለጋ ችግኝ ማታ በሣር ወይም በጆንያ ይሸፈን፣ ጠዋት ይገለጥ። መሸፈኛው ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ከፍ ይበል።

ዘር የሚቀረው ከምርጡ ነው። ብዙ ሰው ግን ያማረውን ጎመን በልቶ ቀድሞ ያበበውን ለዘር ይተወዋል፤ በዓመቱ የሚበቅለው እሱን የመሰለ ቸኳይ ነው። ዘግይቶ ያበበው፣ ቅጠሉ የሰፋው ግንድ በጨርቅ ምልክት ይታሰርበት። የዘሩ ሽፋን ሲደርቅ ተፈልፍሎ፣ ደረቅ ሆኖ፣ አይጥ በማይደርስበት ዕቃ ይቀመጥ።

ህዳር 12 ሲደርስ በየግቢው የተቆለለው ቅጠል ጥያቄ ይሆናል። በህዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ፤ ሰዉ የህዳር በሽታ አለው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነው የዳኑት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚያ ቀን ቆሻሻው ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ህዳር ሲታጠን እንላለን። ልማዱ ለጓሮው የሚረባበት ቦታ አለው፤ ለብቻ የተቀመጠው የታመመ አገዳና ነጠብጣብ ያለበት ቅጠል ቀኑ ይህ ነው። ጤነኛውን ቅጠል ማቃጠል ግን ክረምቱ ሦስት ወር የለፋበትን በአንድ ማታ መበተን ነው፤ ፕላስቲኩን አብሮ ማንደድ ደግሞ ጎረቤትን መመረዝ።

ጤነኛው ወደ ክምር ይሂድ። ከሥር ጭራሮ፣ ከዚያ ደረቅ ቅጠል፣ በላዩ እርጥቡ፦ የጎመን አገዳ፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ከተገኘም ፍግ። ደረቁ ከእርጥቡ ሁለት ሦስት እጅ ይብለጥ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፣ ሌላውንም ተክል ይጎዳል፤ እሱ ይቅር። ክምሩ ሙቀት እንዲይዝ ቁመቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ያህል ይሁን፤ ርጥበቱ ተጨምቆ እንደ ወጣ ጨርቅ፣ እርጥብ ግን የማያንጠባጥብ። በትክክል ከተሠራ መሀሉ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። በሁለት ሳምንት አንዴ ቢገለባበጥ ለበልጉ ተከላ ይደርሳል። ያ የእንቁጣጣሽ ቄጠማም፣ በጎመኑ ሥር ያልበሰበሰው ትራፊ፣ እዚሁ ይገባል።

በህዳር ማለዳ፣ ብርዱ ጣት ሲቆረጥም፣ ክምሩን በመንሽ ሲከፍቱት እንፋሎት ይወጣዋል። ከአጥር ውጭ ያየ ጎረቤት ይህም ግቢ እየታጠነ ይመስለዋል።