ከቦሌ ወርዶ በባቡር፦ ያልተገናኙት ሀዲዶች

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ወደ አዳማ፣ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ በባቡር መሄድ የሚሻ መንገደኛ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ በአዲስ አበባ በሦስት የተለያዩ ጊዜያት ሦስት የባቡር መስመሮች መዘርጋታቸውንና ከሦስቱ አንዱም አውሮፕላን ማረፊያውን የማይነካ መሆኑን ነው። በፒያሳ በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ከምድር በታች የተሠራው የቀላል ባቡር ጣቢያ፣ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ የሚገኘው ለገሃርና በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ያለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ የየዘመናቸው ሥራዎች ናቸው፤ ከቦሌ ተነሥቶ እስከ ለቡ ያለውን ርቀት ዛሬ የሚያገናኘው የመኪና መንገድ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው መስመር ግን ከመንገደኛው መድረሻ እንዲህ የራቀ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት ከጅቡቲ የተዘረጋው ሀዲድ፣ ወደ ሐረር ተራሮች መውጣቱ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ በቆላው በኩል አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋን እንደ አዲስ ከተማ ወለደ፤ ከዚያም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በሁለቱ የብረት ዘንጎች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የጣቢያ ሕንፃ ስሙን ያገኘው ጣቢያ ማለት ከሆነው ‹‹ላ ጋር›› ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ቃሉን ለራሱ አንደበት አመቻችቶ ለገሃር አለው፣ ሰፈሩም በዚያው ተጠራ። የዚህ ጣቢያ ትልቁ ጸጋ ቦታው ነበር ማለት ይቻላል፤ ከባቡር የወረደ እንግዳ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ የአራዳን ገበያ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያንና የጣይቱን ሆቴል ያገኝ ስለነበር፣ ባቡሩ መንገደኛውን የሚያደርሰው ሊሄድበት ካሰበው ስፍራ ደጃፍ ነበር። በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማና በአዋሽም ጣቢያው የከተማው እምብርት ሆኖ ገበያውም ሆቴሉም ዙሪያውን በቅሏል።

የአውሮፕላኑ ታሪክ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ለአሮጌው ከተማ ቅርብ ከነበረው ከልደታ ሜዳ ሲሆን፣ ጄት አውሮፕላኖች ረጅም መንደርደሪያ ስለሚፈልጉ በ1950ዎቹ አጋማሽ ማረፊያው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ ሀዲድ ግን አልተከተለውም። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር፣ ማለትም በከተማ ውስጥ አጫጭር ርቀት የሚያመላልሰው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ አንዱ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ፣ ሌላው ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች ሲዘልቅ፣ ቦሌን በሰሜን በኩል በመገናኛና በኡራኤል አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው በባቡር ፒያሳ መድረስ ቢፈልግ እስከ ስታዲየም በታክሲ ሄዶ ከዚያ ቀላል ባቡር መያዝ ይኖርበታል።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የሀዲድ ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቀላል ባቡሩም ስፋት ያው ነው። ይሁን እንጂ አዲሱ መስመር በ25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት፣ ቀላል ባቡሩ በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት የሚንቀሳቀሱ፣ ሀዲዳቸውም የማይገናኝ በመሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። አዲሱ መስመር በዋናነት ጭነት ለማመላለስ የታሰበ ስለሆነ፣ ከባድ ባቡር የሚፈልገውን ለስላሳ ኩርባና ሰፊ ቦታ ለማግኘት ጣቢያዎቹ ከከተሞች ወጣ ብለው ተሠርተዋል። በአዳማም በድሬዳዋም ከባቡር የወረደ መንገደኛ መሀል ከተማ ለመድረስ ሌላ መጓጓዣ ይፈልጋል። የመንገደኛ ባቡር በቀን ደጋግሞ የሚነሣ አይደለምና ከውጭ አገር የመጣ ሰው አዲስ አበባ አድሮ፣ ቲኬቱን ቀደም ብሎ ገዝቶ፣ ፓስፖርቱን ወይም መታወቂያውን ይዞ ማለዳ ለቡ መገኘት አለበት። አዳማ ለሚሄድ ሰው 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የፍጥነት መንገድ ይሻለዋል፤ ድሬዳዋ ለሚሄድ ግን ባቡሩ በእርግጥ የሚመረጥ ነው።

ይህ ክፍተት ሊሞላ የማይችል አይደለም። በደቡብ አፍሪካ በሰኔ 2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጋውትሬን የተባለው ባቡር ከኦሊቨር ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያ ሕንፃ ተነሥቶ መንገደኛውን ሳንድተን መሀል ያወርደዋል። በኢትዮጵያም በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ የታቀደው፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በባቡር ከከተማዋ ጋር እንዲገናኝ ታስቧል። ያ ሀዲድ በከተማዋ ዳር ላይ የሚቆም ከሆነ የለቡ ችግር ይደገማል። ከፒያሳ የሚወርደው ቀላል ባቡር ዛሬም ለገሃር አጠገብ ማቆሚያ አለው፤ ለገሃር ግን መልሶ እየለማ ነውና፣ የከተማዋ ፕላን አውጪዎች ቦታው በሕንፃ ከመሞላቱ በፊት ለሀዲዱ መግቢያ ሊያስቀሩለት ይገባል።