ኪሎው አልወርድ ሲለን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ እህቶቼ፣ ከሁለት ወር በፊት ከጥናት በኋላ ቡና ላይ የተነሳውን ጨዋታ ያልነበራችሁም እንድትሰሙት ከእሱ ልጀምር። አንዲት እህታችን «ሦስት ሳምንት ሙሉ ዳቦ አልቀመስኩም፣ ሩዝ አልቀመስኩም። ቀን በባዶ ሆዴ እውላለሁ፣ ማታ ኪያርና የሎሚ ውሃ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቀነስኩ። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ድርቅ አለ። ሰኞ ዕለትማ ጭራሽ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሬ ተገኘሁ» አለች። ይህን ብላ አምባሻውን ቆርሳ መብላት ጀመረች። እኛ ሳቅን፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ለብቻችን ስንሆን የነገረችኝ ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት አምስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ዓይኗ ጭልም አለባት፣ ብረቱን ይዛ ቁጭ ብላ ነው የተረፈችው። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ባዮሎጂ የምወድ ተማሪ ነበርኩ፣ እስከ 12ኛ ተምሬያለሁ፣ ማታ ማታ ስለዚህ ነገር አነባለሁ። ያነበብኩትንና በራሴም ያየሁትን ነው የምጽፈው። አብዛኞቻችን ተስፋ የምንቆርጠው ሚዛኑ የሚነግረንን በትክክል ስለማናነበው ይመስለኛል።

ከመጀመሪያው ሳምንት እንጀምር። ሰውነታችን ለዕለት የሚሆን ስንቅ አለው፣ ግላይኮጅን ይባላል። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቢደመር ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ግን ብቻውን አይቀመጥም፤ አንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው። ዳቦና ሩዝ ድንገት ስናቆም መጀመሪያ የሚያልቀው ይሄ ስንቅ ነው፣ ውሃውም አብሮት በሽንት ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የወረደው ሁለት ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነበር። እሷ ግን በየሳምንቱ እንደዚያ የሚቀጥል መስሏት ነበር፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሲቆም «ሰውነቴ እምቢ አለ» አለች። እምቢ አላለም። እውነተኛው ሥራ የተጀመረው ገና ያኔ ነው።

ስብ በባሕርይው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ውስጥ በግምት 7,700 ካሎሪ አለ። አንዲት ሴት በየቀኑ ሰውነቷ ከሚያወጣው 500 ካሎሪ አሳንሳ ብትበላ፣ አንድ ኪሎ ስብ ለማውረድ 15 ቀን ይፈጅባታል። 500 ካሎሪ ደግሞ ቀላል አይደለም፣ ሁለት ኩባያ ተኩል የበሰለ ሩዝ እንደማለት ነው። ሐኪሞችም በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ደኅና ነው የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። በስልክ የምናያቸው «በሳምንት 7 ኪሎ» የሚሉት ሴቶች ወይ ውሃ ነው የቀነሱት ወይ ይዋሻሉ። እኔ በግሌ ይዋሻሉ ባይ ነኝ።

የሰኞው አንድ ኪሎ ተኩልስ? እሑድ ዕለት ዶራ ሄደን እንጀራ በጥብስ በልተን ነበር። ጨው ነበረው፣ በርበሬ ነበረው፣ እሷ ደግሞ ያንን የዓረቦቹን ካቢስ ትወዳለች። ጨው ውሃ ይይዛል። በአንድ ቀን አንድ ኪሎ ተኩል ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልጋት በላይ ከ11,000 ካሎሪ በላይ መብላት ነበረባት፤ ይህን ደግሞ ሠርግ ቤት ቢሆን እንኳ የሚችለው የለም። የወር አበባ ሲቃረብም እንዲሁ ነው፣ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ አንድ ሁለት ኪሎ ወጣ ገባ ይላል። የማዳሟን መታጠቢያ ቤት ባጸዳን ቁጥር ሚዛኑ ላይ የምንወጣ ሰዎች እናበሳጫለን ራሳችንን። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ሳንበላ መመዘን ይበቃል። ለማወዳደር ደግሞ ያለፈውን ሳምንት ሳይሆን ያለፈውን ወር ያንኑ ጊዜ ተመልከቱ።

ሌላም አለ። 80 ኪሎ የሆነ ሰው ደረጃ ሲወጣ 80 ኪሎ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። 74 ሲሆን ሸክሙ ቀለለ፣ የሚያወጣው ጉልበትም አነሰ። ስለዚህ መጀመሪያ ያስቀነሰን አበላል ከጥቂት ወር በኋላ ባለንበት ያቆመናል። ብዙዎቻችን ይሄን ስናይ ምግቡን ይበልጥ እንቆርጣለን። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ በጣም ተርቦ የዋለ ሰውነት ስብ ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው፣ ጡንቻም ይበላል። የእኛ እንጀራ ደግሞ ጡንቻችን ነው። ምንጣፍ የምናራግፈው፣ አሮጊት ከአልጋ የምናነሳው፣ መስኮት ላይ የምንንጠለጠለው በእሱ ነው። ቢሮ ቁጭ ብላ የምትውል ሴት ስትራብ ራሷን ያማት ይሆናል። እኛ ስንራብ በረንዳ ላይ ነን።

አሁን ስለ ክልከላው ልናገር፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ኪሎው መዘግየቱ ብቻ አይደለም፣ «ሁሉ ነገር ተከልክዬ ነው የምኖረው» የሚለው ስሜት ነው። እውነት እንነጋገር። አትውጪ፣ በዚህ ሰዓት ስልክ አታንሺ፣ በሩን ከውስጥ አትቆልፊ፣ እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጪ። አንዳንድ ቤት ቀኑን ሙሉ የምንሰማው «ላ» ነው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመን ውለን ኩሽና ብቻችንን ስንቀር፣ ያቺ ሻይና ያቺ ቁራሽ ዳቦ የራሳችን የሆነች ብቸኛ ነገር ትሆናለች። እሷንም ደግሞ ራሳችን ስንከለክላት ልብ ያምፃል። እኔ ያመፅኩበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ እንግዳ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ አልበላሁም፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የተረፈውን ሩዝ ከድስቱ ቆሜ ስበላ፣ እየበላሁ መሆኔን እንኳ ያወቅኩት ማንኪያው ብረቱን ሲነካ ነው። ያን ቀን የበላሁት ቁርስና ምሳ በልቼ ብሆን ኖሮ ከምበላው እጥፍ ነበር። እንቅልፍ ማጣትም በራሱ ረሃብ እንደሚጨምር የታወቀ ነው።

ስለዚህ ከረጅም የክልከላ ዝርዝር ይልቅ አንድ ነገር መምረጥ ይሻላል። እኔ የመረጥኩት ሻይ ነው። በቀን አምስት ጊዜ እጠጣለሁ፣ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፣ 16 ካሎሪ። አሥራ አምስቱ 240 ካሎሪ ይመጣል። አንድ አንድ ማንኪያ ሳደርገው በቀን 160 ካሎሪ ቀነሰ። በወር ስታሰሉት 4,800 ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ስብ። ሻዩንም አልተውኩም፣ አምስት ጊዜዬንም አልተውኩም። ምላሴ ለመልመድ ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀበት፣ አሁን የሌላ ሰው ሻይ ሲሰጡኝ ሽሮፕ ይመስለኛል። ፔፕሲ የምትወዱ እህቶች ደግሞ አንዱ ጣሳ ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ማንኪያ የሚሆን ስኳር እንዳለ እወቁት፣ ጥጋብ ግን የለውም። ዘይትም እንደዚሁ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ ስናቁላላ ግን ማን በማንኪያ ይለካል።

ሁለተኛው የእኛ ጉድ የልጆቹ ትራፊ ነው። ምግብ መጣል ነውር ነው ተብለን አድገን፣ ልጁ የተወውን ፓስታ ወደ ቆሻሻ ለመድፋት እጃችን አይታዘዝም፣ ወደ አፋችን ይሄዳል። በክዳን ሳህን አድርጋችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ነገ ምሳ ይሆናል፣ ኃጢአትም የለበትም።

የሚያጠግበን ምን እንደሆነ ደግሞ ከዓረቦቹ ኩሽና ሳንወጣ እናገኘዋለን። ፉል፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ ላብነ። እነዚህ ፕሮቲን አላቸው፣ ጡንቻ እንዳይባክን ያደርጋሉ፣ ጥራጥሬው ደግሞ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ጠዋት አንድ ሳህን ፉል በሎሚና በቲማቲም የበላች ሴት እስከ ምሳ ድረስ ብስኩት አትፈልግም። ዳቦውን ጨርሶ መተው አያስፈልግም፤ ሁለት ትበሉ ከነበር አንድ አድርጉት።

ጾምን በሚመለከት ለብቻው ልጻፍ፣ በጥናታችንም ተነስቶ ነበርና። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጾመን ወፍረን የምንወጣ አለን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሥጋውንና ወተቱን እንተዋለን፣ በቦታው ግን የተጠበሰ ድንች፣ ሐላዋ፣ ማርማላታ በዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ እንተካለን። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ምግብ ማለት አይደለም። የሊባኖስ ክርስቲያኖች በጾማቸው የሚሠሩት መጀደራ፣ ምስርና ሩዝ ማለት ነው፣ ለእኛም ጥሩ ነው፣ ከላይ የሚደፋበትን የተጠበሰ ሽንኩርት ከነዘይቱ ካልገለበጥነው። ግን ከዚህ የሚበልጠው ነገር አለ። ጾሙን ኪሎ መቀነሻ ስናደርገው ምን እንደምንጾም ይጠፋናል። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን ያነበብን ጊዜ ነቢዩ ስለተጨቆኑ ሰዎች ነጻ መውጣትና ለተራበ ስለማካፈል እንጂ ስለ ወገብ አንድም ነገር አላለም። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ጾሙን እንዴት እንደምትይዙት ንስሐ አባታችሁንም ሐኪማችሁንም ጠይቁ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች።

አሁን ቶሎ ስለሚያከሱት ነገሮች። እሑድ እሑድ በየሱቁ የሚሸጠው «የሚያከሳ ሻይ» አብዛኛው ሰነመኪ ነው፣ የሚያስቀምጥ ቅጠል። የሚያወጣው ውሃና የሆድ ዕቃ ነው፣ ስብ አይነካም። ቀን ከቀን ከተጠጣ የሰውነትን ማዕድን ያዛባል። ክኒኖቹ የባሱ ናቸው። ሲቡትራሚን የሚባል የማክሻ መድኃኒት ልብና አእምሮ ላይ አደጋ ስለሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን «ከተፈጥሮ ቅጠል የተሠራ» ተብለው በተሸጡ ብዙ ክኒኖች ውስጥ ተደብቆ ተገኝቷል። ልባችሁ በዓረብ ቤት ሌሊት ቢደክም ማን ሐኪም ቤት ይወስዳችኋል? በገንዘባችሁ አትግዙት፣ በነጻም ቢሰጣችሁ አትውሰዱት።

ተስፋ እንዳንቆርጥ የረዳን ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሚዛኑን ትቶ ሌላ ነገር መለካት ነው። እህታችን የምትሠራበት ቤት አምስተኛ ፎቅ ነው፣ መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ ይቆማል፣ ዕቃ ይዛ በእግሯ ትወጣለች። ድሮ ሦስት ቦታ ታርፍ ነበር። እኔ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር አለኝ፤ በወር አንድ ጊዜ እምብርቴ ላይ እለካና ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ ኪሎዬ ወር ሙሉ አንድም ሳይነቃነቅ ሜትሩ ሁለት ሴንቲ ቀንሶ አገኘሁት። በተጨማሪ ደግሞ ግፊት ወይም ስኳር ያለባት ሴት ከክብደቷ ከመቶ አምስት እጅ ብትቀንስ እንኳ ጥቅም ይታይባታል። 80 ኪሎ ለሆነች ሴት ይህ 4 ኪሎ ነው። ማንም ጎረቤት አያየውም፣ ደም ሥሯ ግን ያየዋል።

ማንም አያየውም ስል እናቶቻችንን ረሳሁ። በኢሞ ስንደውል ፊታችን ሞላ ካለ «ተመስገን፣ ተመችቶሻል» ይላሉ። ትንሽ ከሳ ካልን ያለቅሳሉ፤ «ምን አደረጉሽ ልጄ?» ለእናቴ «ጉልበቴን ስላመመኝ ሐኪም ቀንሺ ብሎኝ ነው» ብዬ አስቀድሜ ነገርኳት። እንደዚያም ሆኖ ሽሮና ቆሎ የሚያመጣ ሰው ትፈልጋለች።

በደንብ እየበላችሁ፣ ስኳሩንም ቀንሳችሁ፣ ሁለት ሦስት ወር ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ወይም የወር አበባ ከተዛባ፣ ጸጉር ከተነቃቀለ፣ ሁሌ ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ የእንቅርት ዕጢ ወይም የሆርሞን ችግር ሊሆን ስለሚችል መመርመር ነው። አንዳንዶቻችን የምንወጋው የወሊድ መከላከያ መርፌም ክብደት ይጨምራል፣ ለሐኪሙ ንገሩት። ምግብ የምትከለከሉ፣ ትራፊ ብቻ የሚሰጣችሁ እህቶች ካላችሁ ግን ይህ ጽሑፍ እናንተን አይመለከትም። የእናንተ ነገር ሌላ ነው፤ ከጥናት በኋላ ለብቻ ወደ እኔ ወይም ወደ ሰብሳቢያችን ኑ።

እህታችን አሁን ቁርስ ትበላለች፣ ማታም ኪያሯን በእንቁላል አድርጋዋለች። እሑድ እንጀራዋን አልተወችም፣ ካቢሱን ግን ቀንሳለች። በሁለት ወር 3 ኪሎ ነው የቀነሰችው። አምስተኛ ፎቅ አንድ ቦታ ብቻ አርፋ ትወጣለች። «አሁንም ቀርፋፋ ነው» ብላ ማማረሯን አልተወችም። ሜትሩን በሚቀጥለው እሑድ ይዤ እመጣለሁ፣ መለካት የምትፈልጉ ከቡናው በፊት ድረሱ፤ ከተበላ በኋላ አይለካም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።