ርካሽ ፊልም በማን ዋጋ?
ስለ ፊሊፒን የብዝበዛ ሲኒማ

የብዝበዛ ፊልም የምንለው በጥቂት ገንዘብ በጥድፊያ ተሠርቶ፣ ደምን፣ አውሬንና የሴትን ገላ እያሳየ የተመልካቹን ኪስ የሚያራቁተውን የሲኒማ ዓይነት ነው። ይህ ሥራ በፊሊፒን እንዴት እንደ ተስፋፋና በሥነ ምግባር ረገድ ምን እንደሚያስጠይቅ ባጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ጄራርዶ ደ ሊዮን ያዘጋጀው «ቴረር ኢዝ ኤ ማን» ነው። አስፈሪው የቀዶ ጥገና ትርኢት ሲቃረብ፣ የፈራ ተመልካች ዓይኑን እንዲጨፍን ደወል ይደወል ነበር። ከ1968 እስከ 1970 ደግሞ ደ ሊዮንና ኤዲ ሮሜሮ «የደም ደሴት» የተባሉትን ፊልሞች ለአሜሪካ ገበያ አቀረቡ። በ1971 የሮጀር ኮርማን ኩባንያ ስለ ሴቶች እስር ቤት የሚናገረውን «ዘ ቢግ ዶል ሃውስ» በዚያው አገር አሠራ። አሜሪካውያኑን የሳባቸው ባለሙያው የሠለጠነ፣ የጉልበቱ ዋጋ ግን ዝቅተኛ መሆኑ ነው።

በሴፕቴምበር 1972 ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ ወታደራዊ ሕግ አወጀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ታሰሩ። በእውነተኛው እስር ቤት ሰው ሲሠቃይ፣ የሐሰቱ እስር ቤት ፊልም መሠራቱ አልተቋረጠም።

እንግዲህ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? በፊልም የሚታየው ደም ቀለም ነው፤ በቀለም ማንም አይሞትም። ይሁን እንጂ በ2010 በወጣው «ማሼቴ ሜይደንስ አንሊሽድ» በተባለው ዘጋቢ ፊልም የዚያ ዘመን ሠራተኞች እንደ መሰከሩት፣ ከከፍታ የሚዘሉትና በእሳት መካከል የሚሮጡት ፊሊፒናውያን በትንሽ ክፍያ ሕይወታቸውን ለአደጋ ይሰጡ ነበር። ቁመቱ 83 ሳንቲ ሜትር የነበረው ተዋናይ ዌንግ ዌንግም በ1981 በሠራው የስለላ ፊልም በውጭ አገር ታወቀ፤ በ1992 ግን በ34 ዓመቱ በድህነት ሞተ።

ሥራው ለብዙዎች እንጀራ ሆኗል፣ ጥበብም አስተምሯል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ደ ሊዮን በ1982፣ ሮሜሮም በ2003 የአገሪቱን ከፍተኛ የኪነ ጥበብ ማዕረግ አግኝተዋል። ነገር ግን ለጥቂቶች የተሰጠ ክብር የሌሎችን ድካም አይከፍልም። ስለዚህ በእነዚህ ፊልሞች ላይ ስንፈርድ፣ የታየው ነገር አሳፋሪ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ ትርፉን ማን እንደ ወሰደና አደጋውን ማን እንደ ተሸከመ መመርመር ይገባናል።