የጃፓን ቻርጀር በናይሮቢ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት



በኢስሊ ብዙ ቤተሰቦች አንድ ክፍል ተጋርተው ይኖራሉ። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ወይም ሁለት ሲሆን፣ የሁሉም ስልክ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በማከፋፈያ ተያይዞ የሚሠራው ከዚያው ነው። በዚህ ሁኔታ አንድ ቻርጀር ቢቃጠል የሚጎዳው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ፍራሹ፣ መጋረጃውና የተኙት ልጆች በአጠገቡ ናቸው። ስልኩ ቢበላሽም የቀጠሮ መልእክት፣ የዘመድ ቁጥርና በኤምፔሳ የሚላክ ገንዘብ የሚደርስበት መንገድ ይቋረጣል።

በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ በጃፓን አዳፕተሮች ላይ ስለሚታየው የደኅንነት ምልክት እናስረዳለን። ምልክቱ ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ ለይቶ ማወቅ ተገቢ ነው።

ምልክቱ ከየት መጣ?

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1961 የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን የሚቆጣጠር ሕግ አወጣች። ይህ ሕግ በ1999 ተሻሽሎ ከሚያዝያ 2001 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ደኅንነት ሕግ በሚል አዲስ ስም ሥራ ላይ ዋለ። የሚያስፈጽመው የአገሪቱ የኢኮኖሚ፣ የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ነው።

ሕጉ ከ450 በላይ የዕቃ ዓይነቶችን በሁለት ይከፍላል። አደጋ የማድረስ ዕድላቸው ከፍ ያለ የሆኑት በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ውስጥ፣ ይኸውም በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ፣ ፒ.ኤስ.ኢ. የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፍባቸዋል። የቀሩት እነዚሁን ፊደላት በክብ ውስጥ ይይዛሉ። ሶኬት ላይ የሚሰካው አዳፕተር ከአልማዙ ወገን ነው። በኪስ የሚያዘው ፓወር ባንክ ግን ከየካቲት 2019 ወዲህ በጃፓን ለመሸጥ ክቡ ምልክት ያስፈልገዋል።

በአልማዙ ወገን ያለ ዕቃ በአምራቹ ወይም በአስመጪው ቃል ብቻ ገበያ ላይ አይወጣም። በመንግሥት የተመዘገበ ሌላ መርማሪ ድርጅት ፈትሾ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። አምራቹም እያንዳንዱን ዕቃ መርምሮ መዝገብ ይይዛል፤ ስሙንም በዕቃው ላይ ይጽፋል። ይህ ምልክት የሌለውን ዕቃ በጃፓን መሸጥ ክልክል ነው።

ያረጁ የጃፓን ዕቃዎች ሌላ ምልክት ሊኖራቸው ይችላል። የቀድሞው ሕግ ምልክት ቁልቁል የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲሱ ምልክት የሌላቸው ብዙ ዓይነት አሮጌ ዕቃዎች እንዳይሸጡ ሊከለከሉ ሲሉ፣ ያገለገሉ ዕቃዎች ነጋዴዎችና ሙዚቀኞች አጥብቀው ተቃወሙ። በ2007 ሕጉ ተሻሽሎ የቀድሞው ምልክት ያላቸው ዕቃዎች እንዲሸጡ ተፈቀደ።

ምልክቱ የማይነግረን

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ጉዳይ አለ። የጃፓኑ ምልክት ዕቃው ለጃፓን ኮረንቲ መመርመሩን ያሳያል። በጃፓን ቤቶች ያለው ኮረንቲ 100 ቮልት ነው። በኬንያ 240 ቮልት፣ በአገራችን በኢትዮጵያ ደግሞ 220 ቮልት ነው። ስለዚህ ለ100 ቮልት ብቻ የተሠራ አዳፕተር በቶኪዮ ምንም እንከን ሳይኖረው በናይሮቢ ሊቃጠል ይችላል።

ምክንያቱም ይህ ነው። በውስጡ ትራንስፎርመር ያለበት ከባዱ ዓይነት ከሁለት እጥፍ በላይ ኮረንቲ ሲገባበት ሽቦው ይግልና ሽፋኑ ይቀልጣል። ቀላሉና አዲሱ ዓይነት ደግሞ የገባውን 240 ቮልት ሲለውጥ በውስጡ እስከ 340 ቮልት ይደርሳል። ለ100 ቮልት ብቻ በተሠራው ውስጥ ያለው ካፓሲተር ግን ብዙውን ጊዜ ከ200 ቮልት በላይ አይችልም፤ ይፈነዳል።

አንዳንድ ሰው 50/60 የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ዕቃው በሁሉም አገር የሚሠራ ይመስለዋል። ይህ ቁጥር ኮረንቲው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ብቻ ያመለክታል። በጃፓን ምሥራቁ ክፍል 50፣ ምዕራቡ 60 ስለሆነ የጃፓን ዕቃ ሁለቱንም ይጽፋል። ስለ ቮልቱ ግን ምንም አይናገርም።

ምን እናድርግ?

1. ከመግዛታችሁ በፊት ኢንፑት የሚለውን መስመር አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ለኬንያ ኮረንቲ የተሠራ ነው። 100 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ አትሰኩት፤ 240ን ወደ 100 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የትራንስፎርመሩም ዋት ከዕቃው ዋት መብለጥ አለበት።

2. አውትፑት የሚለውን ከዕቃው ጋር አስተያዩ። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ አምፒሩ ዕቃው ከሚፈልገው ማነስ የለበትም።

3. ምድር በሚባለው ሦስተኛው ቀዳዳ እስክሪብቶ ወይም እንጨት ከትታችሁ ሁለት እግር ያለውን ስፒና በግድ አታስገቡ። የኬንያ ስፒና ሦስት እግርና በውስጡ ፊውዝ ያለው ነው። በግድ የገባው ስፒና ያለ ፊውዝ ይቀራል፤ ልል ስለሚሆንም ብልጭታ ይፈጥራል። ፊውዝ ያለው መቀየሪያ ስፒና ተጠቀሙ።

4. መቀየሪያ ስፒና ቅርጹን እንጂ ቮልቱን እንደማይለውጥ አትርሱ።

5. በኬንያ የኬንያ ደረጃዎች መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ኬብስ የሚባለው፣ ከውጭ ለሚገቡ ዕቃዎች የሚለጠፍ የራሱ ምልክት አለው። ኬብስም የአልማዝ ምልክት የሚባል ስላለው ከጃፓኑ ጋር አታምታቱ።

6. የሚግል፣ የሚሸት ወይም ሽቦው የተላጠ ቻርጀር ወዲያው ይነቀል። ቻርጀር በትራስ ወይም በብርድ ልብስ ሥር አይደረግ።

ምልክት በማንኛውም ፕላስቲክ ላይ ሊታተም ስለሚችል፣ ምልክቱን ብቻ አይቶ መተማመን አይበቃም። የአምራቹ ስም፣ የመርማሪው ምልክትና የቮልቱ ቁጥር አብረው መገኘት አለባቸው። እንግሊዝኛ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸው ወይም ጎረቤቶቻቸው ይህን መስመር እንዲያነቡላቸው አደራ እንላለን።