ገመዱ በምን ተይዟል?

ሰው ቤት ሠርቶ መብራት ሲያስገባ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ቆጣሪው፣ ስለ አምፖሉና ስለ ሶኬቱ ነው። ገመዱ በምን እንደሚያዝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአጋርፋና በአካባቢዋ የባሌ ደጋ ከተሞች ብዙው ቤት በባሕር ዛፍ ቆሞ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ በቆርቆሮ የተከደነ በመሆኑ ጉዳዩን ልናነሣው ወደድን።

ሳይታሰር የተንጠለጠለ ገመድ ክብደቱን የሚጥለው በጫፎቹ ላይ ነው። ጫፉ ደግሞ በሶኬቱ ውስጥ በትንሽ ብሎን ብቻ የተያዘ ነው። ገመዱ በተሳበ ቁጥር ብሎኑ ይላላል፤ የላላ ግንኙነትም ይግላል። በ220 ቮልት የሚሠራ 3500 ዋት የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ይህ ሁሉ በላላ ብሎን ሲያልፍ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ኃይሉ ከመጠን ስላላለፈ ግን ፊውዙ አይቃጠልም። በነፋስ ከቆርቆሮ ጠርዝ ጋር የሚፋተግ ገመድም ልባሱ ይላጥና ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ምስማር መትቶ በገመዱ ላይ ማጠፍ መፍትሔ አይሆንም፤ ልባሱን ይጎዳል። የሚበጀው በልኩ የተሠራ ክሊፕ ወይም ቱቦ ነው። በእንግሊዝ አገር ባለሙያዎች ቀጭን ገመድን በአግድም በየ25፣ ወደ ታች ሲወርድ በየ40 ሣንቲ ሜትር ያስሩታል። በዚያው አገር፣ በሳውዝሃምፕተን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ የመኖሪያ ፎቅ ላይ በደረሰ ቃጠሎ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። የገመዶቹ መያዣ ፕላስቲክ ቀልጦ ገመዶቹ በመውደቃቸው ለሠራተኞቹ መሰናክል ሆነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአገሪቱ ደንብም ገመድ ሁሉ በእሳት ቶሎ በማይወድቅ ማሰሪያ እንዲያዝ አዘዘ። አንድ በር ብቻ ላለው ቤት ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ከበሩ በላይ የሚያልፈው ገመድ ጠርዙ በማይቆርጥ የብረት ማሰሪያ ይያዝ።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.) በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ መቃጠሉ ሲነገራቸው፣ እሳት ጠላት መሆኑን አስገንዝበው ከመኝታ በፊት እንዲጠፋ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የዛሬው እሳት ተኝተን ሳለን በግድግዳችን ላይ ይጓዛል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬውኑ ቀና ብላችሁ ጣሪያና ግድግዳችሁን ተመልከቱ። የተንጠለጠለ ገመድ፣ የሚግል ወይም የሚሸት ሶኬት ካለ በእጃችሁ ሳትነኩ ኃይሉን ከቆጣሪው አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ። ከሠራተኛ ጋር ስትዋዋሉም የክሊፑን ዋጋ አብራችሁ ቁጠሩ። ሰበቡን ማድረስ የእኛ፣ መጠበቅ የአላህ ነው።