ከአመድ ክምር እስከ ፕላስቲክ ሳር፦ ውሻ የሚውልበት ግቢ

ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ መርካቶ ለሚያቀና ሰው፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በመደብር ደጃፍ የቆመ አረንጓዴ ፕላስቲክ ሳር ማየት አዲስ ነገር አይደለም። በካሬ ተለክቶ ይሸጣል። ለካፌ በረንዳና ለፎቶ ቤት የሚወስደው ብዙ ነው። አሁን አሁን ግን «ውሻ አለን፣ ጭቃው አስቸገረን» ብሎ ለግቢው የሚገዛም በርክቷል። እኔም ገዝቻለሁ፤ ከመግዛቴ በፊት ማወቅ የነበረብኝን ነው የምጽፈው።

በልጅነቴ የኖርንበት ግቢ የጋራ ነበር። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሰ በኋላ ብዙ የአዲስ አበባ ግቢ እንዲህ ሆነ፦ አንድ አጥር፣ ብዙ ጓዳ፣ አንድ ውሻ። የእኛው ቡቺ ይባል ነበር፤ የማንም ስላልነበር የሁሉም ነበር። መሬቱ አፈር ነው። ክረምት ከገባ እስከ መስከረም ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ለበዓል ቄጤማ ይነሰነሳል፤ በማግስቱ ይጠረጋል። ቡቺ የመረጠው ቦታ ግን ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው የአመድ ክምር ነበር። አመድ ደረቅ ነው፣ ሙቀት ይይዛል። ለውሻ መኝታ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እሱ ራሱ አሰበ።

ቀጥሎ ሊሾ መጣ፤ ከዚያም በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ድጋፍ ከድሬዳዋ የተጀመረው ኮብልስቶን ከመንገድ አልፎ ወደ ግቢ ገባ። ጭቃው ቀረ። የውሻው መገላበጫ አፈርም አብሮ ቀረ።

ድንጋዩን ለማለስለስ ብዙ ሰው የሞከረው ሰጋቱራ ነው። ከእንጨት ቤት በማዳበሪያ ከረጢት ይገዛል፤ ለእግር ይለሰልሳል፣ ሽንትም ይመጥጣል። ለዶሮ ቤት የኖረ ብልሃት ስለሆነ ለውሻም ይሆናል ተባለ። በበጋ ይሆናል። በሐምሌ ግን እርጥብ ሰጋቱራ ይሻግታል፤ የቁንጫ እጭ የሚያድገውም ጥላና እርጥበት ባለበት እንዲህ ባለ ብስባሽ ውስጥ ነው። ከችፑድ የወጣ ከሆነ ሙጫው አብሮት አለ። በየሳምንቱ ካልተቀየረ ቤት አያስገባም። የቡና ገለባ የሚያነጥፉም አሉ፤ እሱን በፍጹም አልመክርም። ገለባው ውስጥ ካፌይን ይቀራል፣ ካፌይን ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው፤ ቡችላ እንደሆነ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል።

የፕላስቲክ ሳር አነሳስ ለእኛ ከተማ የሚቀርብ ታሪክ አለው። በአሜሪካ ሂዩስተን በ1965 እ.ኤ.አ. አስትሮዶም የሚባል ጣሪያ ያለው ስታዲየም ተከፈተ። ብርሃን የሚያሳልፈው የጣሪያው ፕላስቲክ ነጸብራቅ ተጫዋቾቹን ኳስ እንዳያዩ ስለከለከላቸው ቀለም ተቀባ፤ ብርሃን ያጣው ሳር ሞተ። በ1966 ሞንሳንቶ የተባለው ኩባንያ የሠራው ሰው ሠራሽ ሳር ተተካ። አዲስ አበባም በየአጥሩ ሥር ፎቅ ሲበቅልባት ግቢዎቿ ጥላ ሆኑ፣ ሰርዶው ቢጫ ሆኖ ደረቀ። ሰዉ የዞረው ወደማይደርቀው ሳር ነው። የቡና ሲኒ የሚደረደርበት ረከቦት ሥር እንኳ በቄጤማ ፈንታ ፕላስቲክ ሲነጠፍ እያየን ነው። እኔን ይከፋኛል፤ ቄጤማ ሽታው ነው በዓሉ።

ለውሻ ሲሆን ጥያቄው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። በዩታ የሚገኘው ብሪግሃም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. ባደረገው ልኬት የሰው ሠራሹ ሳር ገጽ በአማካይ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የተፈጥሮው 26 ነበር፤ የተመዘገበው ከፍተኛ 93 ደርሷል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላለ ከተማ የቀትር ፀሐይ ቀላል አይደለም። መዳፍን ሳሩ ላይ አሳርፎ ሰባት ሰከንድ መቆየት ካልተቻለ፣ ለውሻ እግርም አይቻልም።

ሁለተኛው ሽንት ነው፤ እኔን ያስከፈለኝም እሱ ነው። ያነጠፈልኝ ሰው ሳሩን በቀጥታ ሊሾ ላይ ለጠፈው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሽታው ከጎረቤት ደረሰ። ሽንት በጀርባው ቀዳዳዎች ሾልኮ የሚሄድበት ከሌለ ሥሩ ተኝቶ አሞኒያ ይሆናል። ሳሩ ተነቅሎ ሊሾው ተፈለጠ፤ የተጠቀጠቀ ጠጠር ተሞላ፣ ወደ ቦዩ ትንሽ ዘቅዘቅ ተደረገ፣ ሳሩ ከላይ ተመለሰ። አሁን በቀን አንድ ጆግ ውኃ ይበቃዋል። በረኪና ግን አይፈስበትም፤ በረኪና ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ይህን የሚነግር ሻጭ አላጋጠመኝም።

ሦስተኛው ከሳሩ የሚረግፈው ፕላስቲክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ በሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ የሚበተነውን የጎማ ፍርፋሪ ከ2031 በኋላ እንዳይሸጥ ወስኗል፤ ምክንያቱ ወደ አፈርና ውኃ የሚገባው ደቃቅ ፕላስቲክ ነው። ለግቢ የሚሸጠው አጭር ሳር ብዙውን ጊዜ ፍርፋሪ ባይፈልግም፣ ክሮቹ ራሳቸው በፀሐይ እየተሰባበሩ ይረግፋሉ። ጥቅሉ ሲያረጅ የት እንደሚጣል ከወዲሁ ማሰብ ያሻል።

ከሰጋቱራና ከፕላስቲክ ሳር ምረጥ ብባል፣ ክረምታችንን አይቼ ሳሩን እመርጣለሁ፤ ሥሩ ጠጠር ከሆነ፣ ግቢውንም ሁሉ ካልሸፈነ። እኔ በአጥሩ ጥግ ሁለት ካሬ ያህል አፈር ትቼአለሁ። ጠዋት ውሻዬ ሳሩ ላይ ይሮጣል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነስቶ ወደ አፈሩ ይሄዳል፣ በፊት እግሮቹ ትንሽ ይጭራል፣ ቀዝቃዛው ሲገኝ ሆዱን አስነክቶ ይተኛል።