የጣና ትንንሽ ዓሣዎች እንዴት ይለያሉ?

ከጣራ ገዳም ግርጌ ወደ ምዕራብ የሚዘረጋው ሜዳ በሚያበቃበት የጣና ዳርቻ መረብ ሲወጣ፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡትን አብረቅራቂ ዓሣዎች «የነጭ ዓሣ ጫጩቶች» ብሎ ማለፍ የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ ገለጻ አንባቢን ከማሳሳት በቀር ምንም አይፈይድም። ሆዷ ሲከፈት በዕንቁላል የተሞላች የ6 ሴንቲ ሜትር ዓሣ የማንም ጫጩት አይደለችም፤ ራሷ እናት ናት።

ከእነዚህ ትንንሾች መካከል አስቸጋሪው ሁለቱን ዝርያዎች፣ ባርበስ ሁሚሊስንና ባርበስ ታናፔላጊየስን፣ መለየት ነው። የመጀመሪያው በዳርቻው ሣርና ቄጠማ መካከል ያገኘውን ሲለቃቅም፣ ብርማው ታናፔላጊየስ ግን ከዳር ርቆ ዙፕላንክተን የሚባሉትን በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቂቅ እንስሳት ይመገባል። ዓሣው ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ ተጋድሞ በአፉ ዙሪያ ያሉት ጢም መሰል ክሮች ሲታዩ፣ የታናፔላጊየስ ክሮች እጅግ አጭር ሆነው ይገኛሉ፤ ከውኃ ውጭ ክሮቹ ከቆዳው ጋር ስለሚጣበቁ ግን መመርመሩ ያታልላል።

የፎገራ አርቢ ላምን በዥጉርጉር መልኳ ብቻ አይመርጥም፤ ሻኛዋን፣ ቀንዷንና አቋቋሟን ያያል። በዓሣውም የጎን ነጥቦቹ እንደ ላሟ ዥጉርጉር፣ የራሱ ቅርጽ እንደ ቀንዷ፣ ጢሙ እንደ ሻኛዋ፣ የሚመገብበት ውኃም እንደ ግጦሿ ናቸው፤ ከጉና ደጋ የወረደች ላም የፎገራን ረግረግ ስለጋጠች የፎገራ ዘር እንደማትሆን ሁሉ፣ ከዳር ርቆ የተያዘ ሁሚሊስም ታናፔላጊየስ አይሆንም።

መልክን ብቻ ማመን ያስከተለው ስሕተት ረጅም ዕድሜ ነበረው። የእንስሳት ተመራማሪው ቡሌንጀር እ.ኤ.አ. በ1902 ባርበስ ትሪስፒሎፕሌውራ ብሎ የሰየመው፣ ጎኑ ላይ ነጥቦች ያሉት ዓሣ፣ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ሲቆጠር ቆይቶ፣ እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት ከሁሚሊስ ጋር አንድ ዝርያ መሆኑ ታወቀ፤ በአንጻሩ እውነተኛው ሌላ ዝርያ ታናፔላጊየስ ሳይንሳዊ ስም ያገኘው በ2000 ነው። አንዱ ዝርያ ሁለት ስም ይዞ ሲኖር ሌላው ያለ ስም መቅረቱ፣ ነጥብ ቆጥሮ ዝርያ መሰየም ምን ያህል እንደሚያስት በግልጽ ያሳያል።

ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳጋ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በብዛት ተጠምዶና ደርቆ ለምግብ እንደሚውል ሁሉ፣ የጣና ትንንሾችም ይጠመዱ የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ ከሐይቁ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 8ቱ ዓሣ በል መሆናቸውና ከምግባቸው ዋነኞቹ እነዚሁ ትንንሾች መሆናቸው አብሮ መታሰብ ይኖርበታል፤ መረቡ ከዳር ርቆ ሲጣል የሚቀንሰው ታናፔላጊየስ፣ በቄጠማው አጠገብ ሲጣል ደግሞ ሁሚሊስ ነውና።